አህያውን ፈርቶ ዳውላውን



አንድ የጭነት መኪና በተገለበጠ ቁጥር ጥፋተኛው ገና ምርመራ ሳይጀመር የታወቀ ነው፤ ሾፌሩ ነው። መንገዱ አይጠየቅም። ፍሬኑ አይጠየቅም። ከልክ በላይ ያስጫነው ነጋዴ አይጠየቅም። «ነገ ጧት ካላደረስህ ሌላ እንጀራ ፈልግ» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ያስነዳው ባለንብረት ከቶ አይጠየቅም። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለእንዲህ ያለው ፍርድ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጥፋቱ ሳይጣራ ሾፌርን ከሥራ ማባረርና ዳግመኛ ሥራ እንዳያገኝ በየቢሮው በር ማዘጋት ፍትሕ አይደለም፤ በመንገድ ላይ የሚደርሰውንም ሞት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ነገሩን ከሩቅ አገር አላመጣነውም። በባሮ ዳርቻ የሚኖር ሰው የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ ቤቱን የሚሠራበት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሳይቀር አብዛኛው ከደጋ የሚወርደው በጭነት መኪና ነው። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ሱዳን ጦርነት አፈናቅሏቸው ድንበር ለተሻገሩት በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ስደተኞች የታደለውም እህል በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አልፎ ከቡሬ በኋላ ከደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ጭጋግና ጭቃ፣ ኩርባውና ቁልቁለቱ ምን እንደሚመስል በአውቶቡስ መስኮት ያየን ሁሉ እናውቃለን። እኛ በመስኮት ያየነውን ሾፌሩ በመሪው ያየዋል።

ባለፈው ክረምት ከባሮ ድልድይ አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ከአንድ ሾፌር ጋር ተጨዋወትን። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በተሳቢ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በቆሎ ጭነው ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አላቸው። ከፊት ለፊታቸው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ። መሪውን ወደ ገደሉ ጥግ አዙረው መኪናውን ከዳገቱ ጋር አላተሙት። ሴቶቹ ተረፉ፤ የረዳቱ እግር ተሰበረ፤ መኪናው ተጋደመ፤ በቆሎው ፈሰሰ። እሳቸው ዘጠኝ ቀን ታስረው በዋስ ሲወጡ የጠበቃቸው «አትምጣ» የሚል አንድ የስልክ ቃል ብቻ ነበር። የመባረሪያ ደብዳቤ የለም። የሠሩበት ደመወዝ የለም። የሥራ ልምድ ማስረጃ የለም።

«ጋሼ፣ ለምን አይከሱም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«በምን ወረቀት ልክሰስ ልጆቼ? አባረረኝ የሚል ቁራጭ ወረቀት የለኝም። እሱ ደግሞ ከሥራ ጠፍቷል ይላል።»

ከዚያ ወዲያ ሥራ ፍለጋ ያልረገጡት ደጅ የለም። በሄዱበት ሁሉ የሚጠየቁት የመንዳት ችሎታቸውን አይደለም፤ የቀድሞ አሠሪያቸውን ስልክ ነው። ስልክ ይደወላል፤ ከወዲያ በኩል «መኪናዬን የገለበጠ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ የለም። ፍሬኑ እንዲታይ ሦስት ጊዜ መናገራቸውን የሚመሰክር ወረቀትም የለም። በስተመጨረሻ ማን ቀጠራቸው? ጎማው ያለቀ አሮጌ መኪና ያለው፣ በደመወዝ ሳይሆን በምልልስ የሚከፍል፣ ሌሎች የማይደፍሩትን ጭነት በሌሊት የሚያስጭን ሰው ቀጠራቸው። ምርጫ የሌለው ሰው እንደማይከራከረው ያውቃልና።

እንግዲህ ልብ በሉ። አደጋ ደርሶበታል የተባለው ሾፌር ከመንገድ አልወጣም። ከደኅናው መኪና ወርዶ ወደ ባሰው መኪና ተሸጋገረ እንጂ። ማስረጃ የተነፈገው ሰው ማስረጃ የማይጠይቅ አሠሪ ዘንድ ይሄዳል፤ ማስረጃ የማይጠይቅ አሠሪ ደግሞ ስለ ፍሬንም፣ ስለ ዕረፍትም፣ ስለ ጭነት ልክም አይጠይቅም። በአገራችን በፖሊስ መዝገብ ብቻ በዓመት ከ3000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ የሞተባቸውን ዓመታት አይተናል። ይህ ሁሉ ሰው የሚያልቀው በሾፌር ጠባይ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? የሕግ ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑትን አዋጅ እስቲ ለአንድ ጊዜ ለሰው እናውለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በንብረት ላይ ስለደረሰ ጉዳት ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚፈቅደው፣ ጉዳቱ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የደረሰ ሲሆን ነው። አደጋ ሁሉ ከባድ ቸልተኝነት አይደለም። የስንብቱ ምክንያትም በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። ከ30 ቀን ያልበለጠ እስር፣ አሠሪው በጊዜው እስካወቀው ድረስ፣ የሥራ ውሉን ያግደዋል እንጂ አያፈርሰውም። ውሉ ሲቋረጥ የሠራተኛው ሒሳብ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ምን ዓይነት ሥራ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራ የሚገልጽ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ነው።

ይህ ሁሉ ተጽፏል። ዳሩ ግን ወደ ሥራው ለመመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ሦስት ወር ደጅ እየጠና፣ «ነገ ና» እየተባለ ለሚንከራተት ሾፌር ምንድር ነው? በትግስቱ ላይ የተዘጋ በር ነው። ሕጉን የማያውቀው ደግሞ ስለማይገባው አይደለም፤ የሚነግረው ስለሌለ ነው።

«ሰው የሞተበትስ? የሞተው ልጅ እናትስ?» የሚለን አይጠፋም። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነውና አንሸሸውም። ሰክሮ የነዳ፣ ለገንዘብ ሲል የሰውን ነፍስ የናቀ ሾፌር ይጠየቅ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ የሚቀጣበትን ደንግጓል፤ ዳኛውም አለ። እኛ የምንቃወመው ዳኛ የሚሰጠውን ቅጣት አይደለም። ዳኛ ሳይፈርድ በስልክ የሚፈጸመውን፣ ዳኛ ነፃ ካወጣ በኋላም የማያልቀውን ቅጣት ነው። ለሟች ቤተሰብም ቢሆን የሾፌሩ ልጆች መራብ ካሣ አይሆናቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ግዴታ ሆኗል። ባለንብረቱ «ሾፌሩን አባርሬዋለሁ» ብሎ እጁን ሲታጠብ ዕዳው ከሱ ትከሻ የወረደ ይመስለዋል። አልወረደም።

ፍርድ ሲድበሰበስ ምን እንደሚከተል ጋምቤላ በደም ተምራለች። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በጀዊ የስደተኞች ሰፈር አካባቢ የአንድ ርዳታ ድርጅት ተሽከርካሪ ሁለት ሕፃናትን ገጭቶ ገደለ። በበቀል ከአሥር የማያንሱ፣ በነገሩ እጃቸው የሌለበት ኢትዮጵያውያን ተገደሉ። የሁለቱ ሕፃናት ሞት መራራ ነበር፤ በላዩ የተጨመረውም ሞት እንዲሁ። ይህን የምናነሣው አንዱን ወገን ለመወንጀል አይደለም። ሰው ምርመራ ይደረጋል፣ እውነቱ ይነገረኛል፣ ካሣዬ ይደርሰኛል ብሎ በማያምንበት ቦታ ሁሉ ቁጣ ቀድሞ ያገኘውን ይመታል። ሾፌሩን ከአገር አሽሽቶ፣ ፋይሉን ዘግቶ፣ ሌላ ሾፌር ቀጥሮ መቀጠል ለሟች ወገን «እውነቱን አትጠይቁ» ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ምርመራ የሾፌሩ ጥቅም ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ ጥቅም ነው።

እኛስ? እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች፣ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን ስም እናወጣና እንስቃለን። ስሙ ለሞተው ሰው አይጠቅም፤ ከመሪው ኋላ ላለውም አይጠቅም። በታሪክ ክፍላችን በ1894 ዓ.ም. ውል እንግሊዞች በባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንደተፈቀደላቸው እንማራለን። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣውን መርከብ እናነሣለን። ነገር ግን ያንን ቡና ከደጋ ተሸክሞና በበቅሎ ጭኖ ወደ ወንዙ ያወረደው ሰው ማን ነበር? ሲወድቅ ማን አነሣው? መርከቡ ቀርቶ መኪና መጣ፤ ጭነቱን የሚያወርደው ሰው ግን ዛሬም በመዝገባችን የለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ ማንም ሾፌር በአደጋ ምክንያት ሲሰናበት ምክንያቱና የሥራ ልምድ ማስረጃው በጽሑፍ ይሰጠው፤ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎችም ይህን ይከታተሉ። ሁለተኛ፣ የአደጋ ምርመራ የሾፌሩን እስትንፋስ ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ፍሬን፣ የጭነቱን ልክ፣ የተነዳበትን ሰዓትና ማን እንዳዘዘ ይመርምር። ሦስተኛ፣ ከባድ ጥፋት ያልተገኘበት ሾፌር እንደገና ተፈትኖ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ይከፈት። አራተኛ፣ እኛው ራሳችን በመምህራኖቻችን እየተረዳን በሳምንት አንድ ቀን መኪኖች በሚቆሙበት ቦታ ጠረጴዛ ዘርግተን ማመልከቻ እንጻፍ፤ ሦስት ወሩ ሳያልፍ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ መምህራንም ሥራ አቁመው ነበር፤ ተማሪውም ከመካከላቸው አልጠፋም። ያን ጊዜ መሪ የያዘና ብዕር የያዘ እጅ ተዋውቀው ነበር። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በእኛ በኩል ምሳር ለመጨመር አልተማርንም። የምንጽፍበት ወረቀት፣ የምንበላው በቆሎ፣ የተኛንበት ፍራሽ በቡሬ ቁልቁለት የወረደው በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ዛሬ ሥራ ፍለጋ ደጅ ቆሟል። ማመልከቻውን የሚጽፍለት ማን ነው?