ገረጋንቲ ዘይትን ይሸፍናል እንጂ አያጠራም

የንጽሕና ነገር በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ዓይን ስለሚያየው ነው፤ ስለ ቆሻሻ ክምር፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት። ዛሬ ግን ከእግራችን በታች ስላለው አፈር ልናሳስብ እንወዳለን። ጋራዥ፣ የነዳጅ ማደያ ወይም በጥቁር ናፍጣ የሚሠራ ፋብሪካ የነበረበት መሬት አፈሩ በየንብርብሩ ሳይመረመር መኖሪያ ቤት ሊሠራበት አይገባም ብለን እናምናለን።

ጉዳዩ ቦሌንና የአዲስ አበባን ምሥራቃዊ ክፍል በተለይ ይመለከታል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማው ወደዚያ ወገን ሳያቋርጥ ሰፍቷል። ትናንት መጋዘን ወይም ጋራዥ በነበረበት ግቢ ዛሬ የመኖሪያ ሕንፃ ሲቆም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የዚህ አካባቢ መሬት በብዙ ስፍራ ላዩ ዋልካ ነው፤ ከሥሩ የላላና የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች ከእሳተ ገሞራ የወጣ ዐለት ይገኛል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ምንም ነገር የማያሳልፍ አፈር ይመስለዋል። ነገር ግን ያው ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ነዳጅ የፈሰሰው በበጋ የሆነ እንደ ሆነ በስንጥቁ ወርዶ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ዋልካው አብጦ ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ላዩ ንጹሕ ይመስላል፤ ሥሩ ግን እንደ ተመረዘ ይቀራል።

የነዳጅ ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ወፍራም ስለ ሆነ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አፈሩን ግን ለብዙ ዘመን አይለቅም። ቤንዚንና ናፍጣ ፈጥነው ይወርዳሉ፤ ከውኃም ስለሚቀሉ ከከርሰ ምድር ውኃ ሲደርሱ በላዩ ይንሳፈፋሉ። በቤንዚን ውስጥ የሚገኘው ቤንዞል የተባለው ቅመም የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በሕክምና ተረጋግጧል። ይህ ቅመም በውኃ ይሟሟል፤ ተንኖም በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

በሌላ አገር የደረሰውም ሊያስተምረን ይገባል። በሐዋይ፣ ሬድ ሂል በተባለው ስፍራ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል 20 ታላላቅ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎችን ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለት ውስጥ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነዳጁ ወደ መጠጥ ውኃ ገብቶ በሺሕ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተቸገሩ፤ ብዙዎችም ታመሙ። በተከታዩ ዓመት ስፍራው እንዲዘጋ ታዘዘ። አዲስ አበባም የቆመችው በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው፤ ከመጠጥ ውኃዋም ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው።

ዘይት የጠጣን መሬት በገልባጭ መኪና ገረጋንቲ አስደፍቶ መሸፈን ግን መድኃኒት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ምርመራው ወጪ ያስከትላል፣ ሥራም ያዘገያል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለትልቅ ሕንፃ የአፈሩን ጥንካሬ ለማወቅ መሬቱ መቆፈሩ አይቀርም። ለግንቡ ሲባል የተቆፈረው ጉድጓድ ስለ ነዋሪው ጤናም ቢጠየቅ የሚጨመረው ወጪ፣ ቤተሰብ ከገባ በኋላ ወለል አፍርሶ ከመቆፈር እጅግ ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

መርማሪው አስቀድሞ የቦታውን ታሪክ ከጎረቤትና ከቀድሞ ሠራተኞች ይጠይቅ፤ ማጠራቀሚያው የት ተቀብሮ እንደ ነበር፣ የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ እንደ ነበር ይወቅ። ከዚያም ከገረጋንቲው፣ ከዋልካውና ከበሰበሰው ድንጋይ ለየብቻ ናሙና ይውሰድ፤ ጥልቀቱንና ቀለሙን ይመዝግብ፤ በጠርሙስ አጥብቆ ከድኖ፣ ሳይሞቅ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ንብርብሮቹን ያደባለቀ ሰው መርዙ እስከ የት እንደ ወረደ ሊናገር አይችልም።

ሕጉም አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አካባቢን የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። እኛ የምንጠይቀው የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ምርመራው እንዲደረግና ውጤቱ ለሚገባበት ሰው እንዲነገር ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ከወለሉ በታች ያለውን የማወቅ መብት አለው።

እስከዚያው ድረስ ነዋሪዎች እንዲህ ካለ ስፍራ አጠገብ ከተቆፈረ የግቢ ጉድጓድ ከመጠጣት፣ በዚያም መሬት ጎመን ከመትከል ይታቀቡ፤ ልጆችም በዘይታማ አፈር አይጫወቱ። ውኃው የነዳጅ ሽታ ያለው ወይም ላዩ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ። አፍልተነዋል ብለውም አይጠጡት፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ነዳጅ የገባበትን ውኃ ለመጠጥ አያበቃም።