ወባ ምልክቱን ሲደብቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ምክር ለበሽተኛው የተሰጠ ነበር። ዛሬ ግን የሚደበቀው በሽታው ራሱ ሆኗል።

ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርድ ሰው፣ የንዳድ አገር መጀመሩን አየሩ ሲሞቅ ያውቀዋል። በዚያ አገር ጤና ባለሙያው ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤቱን ይናገራል። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ተውሳኩን ሳይሆን፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ የሚሠራውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በአገራችን ግን ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘውን ጂን የጣሉ ተውሳኮች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተገልጿል። እንግዲህ በዚህ ፕሮቲን ብቻ የተመረመረ ሰው ወባን በደሙ ይዞ «የለብህም» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

ስለዚህ የተውሳኩን ሌሎች ፕሮቲኖች ማጥናት ግድ ነው። ሥራውም ምትሐት አይደለም። ሕመምተኛው ፈቅዶ የሰጠው ደም ይታጠባል፤ የቀይ ሕዋሱ ስስ ሽፋን በሳፖኒን ይበሳል፤ ሳፖኒን ማለት እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ዓይነት ነገር ነው። በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ተውሳኩ ይዘቅጣል፤ ሄሞግሎቢኑ ከላይ ቀርቶ ይለያል። ከዚያም ተውሳኩ ተሰብሮ ፕሮቲኖቹ በየጠባያቸው ይነጠላሉ። ይህ ሁሉ በብርድ ካልተሠራ ግን የተውሳኩ ኢንዛይሞች የምንፈልገውን ፕሮቲን ራሳቸው ይበሉታል። ስለሆነም መብራት የሚጠፋበት ላቦራቶሪ ድካሙን ሁሉ ያጣል።

«ለገበሬው አጎበርና ክኒን ይቅደም እንጂ ላቦራቶሪ ምን ይረባዋል?» የሚሉ አሉ። መቅደሙን እኛም አንክድም። ነገር ግን ክኒኑ የሚሰጠው በምርመራው ቃል ነው፤ ምርመራው ከሳተ ክኒኑ ከመደርደሪያው አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም በአገራችን መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ጠየቁ። ጥያቄው የመጣው ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከደጃችን ወንዝ ነበር።

እኛም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪ ፕሮቲን መለየትን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጁ ይማር፤ ለማቀዝቀዣውና ለሴንትሪፊዩጁ የማይቋረጥ ኃይል ይዘጋጅ፤ ደሙን የሰጠን የባኮ ገበሬም ከደሙ የተገኘው ዕውቀት በቋንቋው ይነገረው። የእኛን ሕዝብ ደም የሚያነበው ሁልጊዜ ሌላ መሆን የለበትም!