«ሲስተም የለም» ከሚለው ምላሽ ጀርባ፦ የሰርቨር ሶፍትዌር አጫጫን ለተገልጋዩ ምን ማለት ነው?

በሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ጉዳይ ለማስፈጸም የሚቀርብ ተገልጋይ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ ምክንያቱን ከመብራት ወይም ከኔትወርክ መቋረጥ ጋር ማያያዙ የተለመደ ነው። ይሁንና የአገልግሎቱ ቀጣይነትና የመረጃው ደኅንነት የሰርቨሩ ሶፍትዌር እንዴት እንደተጫነና ማን እንደሚከታተለው ጭምር የሚወሰን ነው።

አጫጫኑ በሁለት መንገድ ይከናወናል። የመጀመሪያው ባለሙያው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ወስዶ ራሱ ገንብቶ የሚጭንበት ነው። ሁለተኛው እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች አዘጋጅተው የሚያቀርቡትን ፓኬጅ መጠቀም ነው። በመጀመሪያው መንገድ ተቋሙ የሚፈልገውን ስሪትና አሠራር ይመርጣል፤ በአንጻሩ እያንዳንዱን የደኅንነት ማስተካከያ የመከታተልና እንደገና የመገንባት ኃላፊነት በራሱ ላይ ይወድቃል።

ልዩነቱ መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በዕለቱ በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ «ኸርትብሊድ» የተባለው ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ ዴቢያን በዚያው ቀን የተስተካከለ ፓኬጅ አቅርቧል። ፓኬጁን የሚጠቀሙ ተቋማት ማሻሻያውን ጭነው አገልግሎቶቹን እንደገና ማስነሳት ነበረባቸው። ከምንጭ ኮድ የገነቡት ግን መጀመሪያ ክፍተቱ የሚመለከታቸው መሆኑን ራሳቸው አጣርተው፣ ከዚያም በየሰርቨሩ ዳግም መገንባት ይጠበቅባቸው ነበር። የገነባው ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ ከሆነና የአሠራር ሰነድ ካልተወ፣ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል።

ፓኬጅም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በ«ኤክስዜድ» ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ሆን ተብሎ የተደበቀ ጎጂ ኮድ የዴቢያን የሙከራ ስርጭት ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። አዳዲስ ስሪቶችን ሳይፈትሽ የማይቀበለው የተረጋጋው ስርጭት ግን አልተነካም።

የምንጭ ኮድ ክፍት መሆን ጥቅሙ የጎላ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕም ክፍት ኮድ ነው። ኮዱን የማየትና የማሻሻል መብት ማለት ግን እያንዳንዱን የሰርቨር ፕሮግራም በራስ እጅ መገንባት ማለት አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ ጥሏል። ከዚህ አኳያ የሚበጀው፣ ክትትል የሚደረግለትን ፓኬጅ መደበኛ አሠራር ማድረግና ከምንጭ ኮድ የሚገነባውን በምክንያት፣ በሰነድና በተመደበ ኃላፊ መወሰን ነው። ማሻሻያ ለመጫን አስቀድሞ የሚነገር አጭር መቋረጥም የተገልጋዩን መረጃ ለመጠበቅ የሚወሰድ እርምጃ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።