የሴቶቹን ዳስ ለማን ነው የምንሰጠው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የሰርጉ ወቅት ደርሷል። በእኛ በአጅባርና በመካነ ሰላም በኩል አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ሲጠረግ ኒካሑ ይደራረባል፤ በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ወሊማ የምንጠራበት ጊዜ ነው። ወቅቱ ሳያልፍ አንድ ነገር እንናገር ብለን ተነሣን። ነገሩ የሚጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው፤ ስለዚህ እሱን እናስቀድም።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ወደ መስጂድ መጥተው፣ "ልጄን ልድር ነው። በሴቶቹ ዳስ ሞንታርቦ የምታጫውት አንዲት የሰፈራችን ልጅ አለች፤ ዲጄ ናት ይሏታል። ቀብድ ሰጥቻታለሁ፤ ልጥራት ወይስ ይቅር?" ብለው ጠየቁን። ኢማማችን መንገድ ሄደው ነበር። እኛም ጉዳዩን ሳንጠይቅ፣ ሳናጣራ፣ ቆመን ሳለን፣ "አባባ፣ ሙስሊም ሴት ዲጄ ምን ማለት ነው? ይቅርብዎ" አልናቸው። ሰውየው አመኑን። ቀብዱን ትተውላት ሥራውን ሰረዙ።

የሰርጉ ዕለት ግን የሴቶቹ ዳስ ዝም አላለም። የሙሽራዋ ወንድሞች ከሌላ ከተማ አንድ ወንድ ዲጄ ከነቪዲዮ ቀራጩ አስመጡ። ልጁ ላፕቶፑን የዘረጋው ሴቶቹ ዳስ ውስጥ፣ ከሙሽራዋ ወንበር ሦስት እርምጃ ርቆ ነበር። እህቶቻችን "ሴቶች ብቻ ነን" ብለው ጅልባባቸውን አውልቀው፣ ለሙሽራዋ አጊጠው፣ በሁለት ባዕድ ወንዶች ፊት ሲጨፍሩ አመሹ። እኛ በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ዳስ ተቀምጠን የወሊማውን ምግብ እየበላን ስለ ሒጃብ እየመከርን ነበር! ይህን በማግስቱ የነገረችን የገዛ እህታችን ናት። "ያችን ልጅ የከለከላችሁት እናንተ አይደላችሁም ወይ?" ስትለን የምንመልሰው አጣን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጥፋታችንን በግልጽ እንናገረው። አንዲትን ሴት ከሴቶች ዳስ አስወጥተን በቦታዋ ወንድ አስገባን። ሐራም የከለከልን መስሎን የባሰውን በር ከፈትን።

በሰርግ መደሰት በዲናችን የተፈቀደ ነው። ኒካሕ እንዲታወቅና እንዲታወጅ፣ ድፍም እንዲመታበት የሚያዙ ሐዲሶች አሉ። አዒሻ (ረ.ዐ) አንዲትን ሙሽራ ወደ አንድ አንሷሪ ቤት በሸኘች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናንተ ጋር ጨዋታ አልነበረም ወይ ብለው እንደጠየቁ፣ አንሷሮች ጨዋታ እንደሚወዱም እንደተናገሩ ቡኻሪ ዘግበውታል።

በቡኻሪ ከተዘገቡት ሌላም አለ፤ እሱን ደጋግመን ልናስበው ይገባል። ሩበይዕ ቢንት ሙዓዊዝ (ረ.ዐ) በተዳረች ማግስት ነቢዩ ወደ ቤቷ ገብተው ተቀመጡ። ልጃገረዶች ድፍ እየመቱ በበድር የተሰዉ አባቶቻቸውን ያወሱ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ነቢዩ የነገን ያውቃሉ የሚል ቃል ጨመረች። እሳቸውም ይህንን ተዪና ቀድሞ ትይው የነበረውን በይ አሏት። ልብ በሉ! ስህተቱ የዓቂዳ ስህተት ነበር። እሱን ብቻ ለይተው አረሙ፤ ድፉን ግን አላስጣሉም፤ ልጆቹንም አላስነሡም። እኛ ግን ባለፈው ዓመት ስህተት መኖሩን እንኳ ሳናውቅ ልጅቱን ከነሥራዋ አስነሣናት።

ወደ አገራችን እንምጣ። የወሎ ሴት በሰርግ ዝም ብላ አታውቅም። እናቶቻችን ድቤ ይዘው ሙሽራ ተቀብለዋል። ድቤ በሌለበት ገጠር ልጃገረዶቹ ቢጫ ጀሪካን ገልብጠው እየመቱ ያድራሉ። ዘፈኑን የምትመራ፣ ሌሎቹን የምታስቀበል፣ ዳሱ ሲቀዘቅዝ የምታሞቅ አንዲት ሴት ሁልጊዜ አለች። ዛሬ በጀሪካኑ ቦታ ሞንታርቦ፣ ሚክሰርና ላፕቶፕ ገባ። መሣሪያው ሲገባ ግን መሪዋ ሴት ወጥታ ወንድ ገባ፤ ምክንያቱም መሣሪያውን የገዛውና የለመደው እሱ ነው። ይህ ለውጥ የመጣው በፈትዋ አይደለም፤ በገንዘብና በልምድ ነው። ዳሱን ለሴቶቹ መመለስ ደግሞ አዲስ ነገር ማምጣት አይደለም፤ የነበረውን ማስመለስ ነው።

"ሴት በሕዝብ መካከል ሥራ መምራቷ በእኛ አገር አልተለመደም" የሚሉን አሉ። የገዛ ታሪካችንን እንጠይቅ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን የወሎን ምድር ካስተዳደሩት መካከል ወርቂትና መስታወት የተባሉ ሙስሊም ሴቶች ነበሩ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ ሲያመልጡ ተቀብላ ወደ ሸዋ ያሳለፈቻቸው ወርቂት ናት፤ በዚህም ምክንያት ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የነበረውን ልጇን ገደሉባት። አገር ያስተዳደሩ ሴቶች የነበሩበት ሕዝብ አንዲት ልጅ የሴቶችን ዳስ መራች ብሎ አይደነግጥም።

ልጅቱን ከዚያ በኋላ ከእህታችን ጋር ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ሥራውን የት እንደተማረችም ነገረችን። ከብዙዎቹ የወሎ ልጆች አንዷ ናት፤ በልጅነቷ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ሠርታለች። ይህን መንገድ የማያውቅ ቤት በእኛ አካባቢ የለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ስንት እህቶቻችን ባዶ ፌስታል ይዘው እንደገቡ እናስታውሳለን። እሷ በኋላ ነው የተመለሰችው፤ ግን አንድ ሙያ ዐይታ መጣች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሴቶችና የወንዶች የሰርግ አዳራሽ ለየብቻ ነው። በሴቶቹ አዳራሽ ድፍ እየመቱ የሚያዜሙ፣ "ጠጋጋ" የሚባሉ ባለሙያ ሴቶች አሉ፤ ክፍያቸውም ቀላል አይደለም። ሴት ዲጄዎችም አሉ። ካሜራ ያለው ስልክ በር ላይ ይቀራል። አሠሪዎቿ ለሰርግ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ይዛ አብራ ትሄድ ነበርና ያንን ሁሉ ጥግ ላይ ቆማ ተማረች። ተመልሳም ባጠራቀመችው ገንዘብ ሁለት ስፒከርና ሚክሰር ገዛች።

ይህ የዓረቦች ብቻ አይደለም። በፓኪስታንና በሕንድ ሙስሊሞች ዘንድ ከሰርጉ በፊት ሴቶች ለብቻቸው ሒና እየተቀቡ "ዶልኪ" የሚሉትን ከበሮ ከበው ያዜማሉ። ከእነሱ ወገን ወደ እንግሊዝ የሄዱት ደግሞ የሴቶች ብቻ ለሆነው ዝግጅት ሴት ዲጄና ሴት ፎቶ አንሺ ይቀጥራሉ። ከባዕድ ወንድ ለመጠበቅ የፈለጉ ቤተሰቦች ስላሉ ለሴቶቹ ሥራ ተገኘ። የሥራ በሩን የከፈተው ሐያእ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ አንዳንዶቹ እውነት አላቸውና።

አንደኛው፣ "ምን ታጫውታለች?" የሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዑለማዎች የተናገሩት ይታወቃል፤ እኛ የኢማም ረዳት እንጂ ሙፍቲ አይደለንምና በዚህ አዲስ ነገር አንናገርም። ልጅቱ ግን መንዙማ፣ በድፍ ብቻ የተሠራ ነሺዳና የእናቶቻችንን የሰርግ ዜማ ትይዛለች፤ ማይኩንም ለእናቶች ትሰጣለች። ዝርዝሩን አስቀድማ ለቤተሰቡ ታሳያለች። የማይሆነውን ለይቶ ማስወጣት ይቻላል። የትኛው ወንድ ዲጄ ነው እስከ ዛሬ ዝርዝሩን አምጥቶ ያሳየን?

ሁለተኛው የድምፁ ጉዳይ ነው። ሞንታርቦ ከዳስ አልፎ ሰፈር ያናውጣል፤ የሴቶቹን ድምፅ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል፤ የታመመ ጎረቤት አለ፤ ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤትም ሐቅ አለው። ይህንንም ጠየቅናት። ስፒከሮቹን በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ አዙራ፣ ዝቅ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ አዛን ሲል ታጠፋለች። ሰፈር የሚያናውጠው ይልቅ የወንዶቹ ዳስ ነው፤ እሱን ማን ተናገረው?

ሦስተኛው፣ "ማታ መንገድ ለመንገድ" የሚለው ነው። ወንድሟ ባጃጅ አለው፤ እሱ ያደርሳታል፤ እሱ ይመልሳታል። ከመግሪብ በኋላ የሚያመሽ ሥራ ሩቅ ገጠር ከሆነ አትቀበልም።

አራተኛው ስድብ ነው፤ "አዝማሪ" ይሏታል። ይህ ቃል በአገራችን ለብዙ ዘመን ባለሙያን ለማዋረድ ሲያገለግል ኖሯል። የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ የአንጥረኛውን ሙያ የሰደበው አፍ ነው ይህንንም የሚሰድበው። በላቡ የሚበላን ሰው በሙያው መስደብ ከዲን አይደለም። የነቢዩ ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጇ እየሠራች ከገቢዋ ሰደቃ ትሰጥ ነበር፤ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነጋዴ ነበረች።

አምስተኛውና ከባዱ፣ "ዛሬ የሴቶች ዳስ፣ ነገ የተቀላቀለ አዳራሽ ትገባለች" የሚለው ነው። ይህን ፍርሃት አንንቀውም። እሷም አልሸሸገችንም፤ ለተቀላቀለ ዝግጅት ጠርተዋታል፣ ከእኛ በላይ እንክፈልሽም ብለዋታል። እስካሁን እምቢ ብላለች። ግን እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ ምን ከፈልናት? አንዱ ቤተሰብ "ለአላህ ብለሽ ነው" ብሎ በዱዓ ሸኝቷታል። ሌላው ለወንዱ ዲጄ የማይቀንሰውን ለእሷ በግማሽ ቀንሷል። እኛም ሥራዋን አሰርዘናል። ለነዳጅ፣ ለጄኔሬተር ኪራይ፣ ለባጃጅ ከኪሷ ታወጣለች። ነቢዩ የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዝዘዋል፤ ዱዓ ደመወዝን አይተካም። የሐላሉን በር እየዘጋን "ለምን በሌላው ገባሽ?" ብንላት አላህ ፊት የምንጠየቀው እኛ ነን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ቀላል ነው። ልጃችሁን የምትድሩ ወላጆች፣ የሴቶቹን ዳስ ለሴት ስጡ፤ ዲጄውንም፣ ፎቶ አንሺዋንም። ዋጋውን እንደ ወንዱ ክፈሉ፤ ቀብዱንም አስቀድሙ። በር ላይ ስልክ የምትቀበል አንዲት ጠንካራ እናት አስቀምጡ፤ አንድ ስልክ ከገባ የሁሉም ሴቶች አማና ጠፋ ማለት ነውና።

ሙያውን የምትፈልጉ እህቶች፣ እንደ ጨዋታ አትያዙት። ሚክሰር ማስተካከል፣ ገመድ መዘርጋት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሣት የሚለመድ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዕቁብ ግቡ። ወለድ ስለምትፈሩ ብድር የምትሸሹም ካላችሁ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያለ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን አለ፤ በሌሎች ባንኮችም መስኮቱ አለ። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥላችኋል፤ እናንተ በጊዜ ከፋፍላችሁ ትከፍላላችሁ። ሄዳችሁ ጠይቁ። ንግድ ፈቃድ አውጡ፤ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ የማታጫውቱትን ከመጀመሪያው ተናገሩ። እምቢ የምትሉት ነገር ሲታወቅ የሚያምናችሁ ቤተሰብ ይበዛል።

ወጣት ወንድሞች፣ በእህታችሁ ሰርግ ዲጄ የምታመጡት ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ከመደወላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህ ሰው የሚቀመጠው የት ነው?"

እኛም የበኩላችንን እናድርግ። ያን ጊዜ ሥራዋን ያሰረዝነው በአንድ ቃል ነበር። ዘንድሮ የሚመጣው የመጀመሪያው አባት ሲጠይቀን ቃላችን ሌላ ይሆናል፤ አንድ አባትም ባለፈው ጁሙዓ መጥተው ጠይቀውናል። ስልኳን ሰጥተናቸዋል።

አላህ ሰርጋችንን የበረካ፣ ሲሳያችንን የሐላል ያድርግልን። በማናውቀው ከመናገርም ይጠብቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።