«ጎበዝ፣ አንዴ ግፉኝ!»

ሰፈራችን ጠዋት የሚነቃው በቅዳሴና በአዛን ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን መኪናም ነው። «ክርርር… ክርር… ቅ» ትልና ዝም ትላለች። ከዚያ በሯ ይከፈትና የለመድነው ጥሪ ይመጣል፤ «ጎበዝ፣ አንዴ ግፉኝ!»

ዳቦ ሊገዛ የወጣው ፌስታሉን ክንዱ ላይ ያንጠለጥላል። ሊስትሮው ሣጥኑን ያስቀምጣል። ዘበኛው ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልሳል። «አንድ፣ ሁለት፣ በለው!» መኪናዋ ትንሸራተታለች፣ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፣ አንዴ ትንገጫገጭና ትነሳለች። ባለቤቷ በመስኮት እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። እኛም ጭሱን ጠጥተን ወደየጉዳያችን እንበተናለን።

እውነቱን ለመናገር ይህን ትዕይንት እወደዋለሁ። በዚህ ከተማ ውስጥ ብሔርህን፣ ሃይማኖትህንና የኪስህን ክብደት ሳይጠይቅ ትከሻውን የሚሰጥህ ሰው የምታገኘው መኪናህ ስትቆም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ጋ ተረት መሆኑ ያበቃል።

ግን ያቺው መኪና በማግስቱም ቆመች። በሳምንቱም ቆመች። በወሩ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ ሰውዬው ባትሪ የማይገዛው ባትሪ ስላለው ነው። ባትሪው እኛ ነን!

እና ክርክሬ አጭር ነው፤ ግፊ ውለታ ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ግፊ ሞተሩን ያስነሳል እንጂ ባትሪውን አያድንም። ዲናሞው የተጠቀምንበትን ለመተካት የተሠራ እንጂ ሙት ለማስነሳት የተሠራ አይደለም። በግፊ ተነስታ፣ መብራትና ሬዲዮ ተከፍቶባት፣ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ተጉዛ የጠፋች መኪና፣ ማታ ደግሞ ሌላ ገፊ ብትፈልግ ምን ይገርማል? ባትሪ ደግሞ ዘላለም አይኖርም። በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ሲበዛበት ያጥራል። ውስጥ ውስጡን የደከመው የሚታወቅበት በብርዱ ጠዋት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ገፊ የሚበዛው ለዚህ ነው።

መድከሙን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ቁልፉን ስታዞሩ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዝዞ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለ ባትሪውን ጠርጥሩ። መብራቱ ደምቆ አንዴ ብቻ «ጠቅ» ካለ ነገሩ የሞተሪኖው ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪውን በከንቱ አትክሰሱት። ቮልት መለኪያ ያለው ኤሌክትሪሻን ደግሞ በአንድ ደቂቃ ይፈርዳል። ሙሉ ባትሪ መኪናዋ ጠፍታ ካረፈች በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ነው። ሞተሩ እየሠራ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ካልሆነ ጥፋቱ የዲናሞው ሊሆን ይችላልና አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። አንዳንዴማ ችግሩ የባትሪው ራስ ላይ የበቀለው ነጭ ዱቄት ወይም የላላ ማሰሪያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁ? ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ የዚያው ጎረቤታችን ሚስት ምጥ ጀመራት። ቁልፉ ዞረ። «ቅ።» ሰውዬው እንደ ልማዱ በሩን ከፍቶ «ጎበዝ!» አለ። ጎበዝ ግን ተኝቷል። ዳቦ ገዢ የለም፣ ሊስትሮ የለም፣ ዝናቡ ብቻ አለ። ዘበኛው፣ እኔና ባልየው ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተትን ገፋን። ዳገት ነው። ሴትየዋ ግንቡን ተደግፋ ታየናለች። ያን ዓይን አልረሳውም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንድ ላዳ ታክሲ በእግዜር ኪነ ጥበብ ባያልፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ግን ያን ሌሊት ነው።

«ቀላል ነው፣ አውቶማቲክ እገዛለሁ» የሚል አይጠፋም። አውቶማቲክ እኮ በግፊ አይነሳም! መቶ ጎረምሳ ብትደረድሩ ትንሸራተታለች እንጂ ከእንቅልፏ አትነቃም። «እንግዲያው ኤሌክትሪክ» ትሉም ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር ጨምሯል። ግን አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሷ ከሞተች ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶም መኪናዋ አትነሳም። እነሱም በግፊ አይነሱም። የትከሻ ዘመን እያለቀ ነው ጎበዝ!

እና ምን ይሻላል? አንድ የባትሪ ካቦ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ይቀመጥ። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፤ ሁለቱም መኪኖች ይጥፉ። ቀዩ መጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፉ ከደህናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩ ከደህናው ኔጋቲቭ፤ የመጨረሻው ጫፍ ግን ከሞተው ባትሪ ሳይሆን ራቅ ካለ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት ጋር። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው ከአጠገቡ መራቅ አለበት። ከዚያ ደህናውን አስነሱ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ የሞተውን ሞክሩ። ሲነሳ ካቦውን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ፍቱ። መኪናችሁ ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ ከሆነች ግን መጀመሪያ መመሪያዋን አንብቡ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ኤሌክትሪሻን!

እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ዓለም ማኖቬላ ከማዞር መገላገል ጀመረ። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ ከማኖቬላ ወደ ጎረቤት ትከሻ ተሻግረናል። ትከሻችንን አልነፍግም። በድንገት ለቆመ ሰው ነገም እገፋለሁ። እያወቀ ለሚያቆም ግን የምሰጠው የኤሌክትሪሻን ስልክ ቁጥር ነው።

ጎረቤታችን ከዚያ ሌሊት በኋላ ባትሪ ገዛ ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋትም ገፋነው። ሕፃኑ ከኋላ ወንበር፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ በመስኮት ያየን ነበር።

እሱ እስኪያድግ እንኳን ይገዛ ይሆን?