አቀንጭራ ወይስ ቅንጨ? ስሙ ይለይ!

አቀንጭራና ቅንጨ ስማቸው ቢቀራረብም ነገራቸው ለየቅል ነው። አቀንጭራ ከማሽላ ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል፤ ማሽላን ከማሾ ጋር ማፈራረቅ ይረዳል። ቅንጨ ግን በራሱ በቅሎ ማሳና ግጦሽ ይወርሳል፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ ሳያብብ በጓንት ይነቀላል። ስም ከተምታታ ምክሩም ይምታታል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) አግሮቮክ የሚባል የግብርና ቃላት መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ያቀርባል። አንድ አረም በየቋንቋው የተለያየ ስም ቢኖረውም እዚያ መለያው አንድ ነው። እኔ የምለው፣ የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ስሞችም እንዲሁ ይሰብሰቡ፤ አማርኛው፣ አርጎብኛው፣ አፋርኛውና ኦሮምኛው ጎን ለጎን ይቀመጥ። ደግሞ ከባድ ፋይል አይሁን፤ በስልካችሁ ቶሎ ይከፈት። እስከዚያው ምክር ስትጠይቁ ፎቶውንና እናንተ የምትጠሩበትን ስም አብራችሁ ላኩ።