ልግደለው ወይስ ልማረው?

ልጆቻችሁ የጦርነት ጨዋታ ሲያበዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ሰዓት ተጫወቱ?» ብላችሁ ሊሆን ይችላል። ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሲያሸንፉ ምን ያደርጋሉ? በብዙ የስልክ ጨዋታ መልሱ አስቀድሞ ተወስኗል። ጠላት ይመታል፣ ይሞታል፣ ከስክሪኑ ይጠፋል።

ጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚካሄደው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በዚህ ይለያል። ታዋቂው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይወስናል። ሁሉም የሕይወት ነጥብ አለው፤ በተመታ ቁጥር ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ይወድቃል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም፣ በሰይፍ፣ በዱላ ወይም በቡጢ ቀርቦ የመታ ተጫዋች ጠላቱን ዜሮ ባደረሰበት ቅጽበት ይመርጣል፤ ይገድለዋል ወይም ራሱን አስቶ ይጥለዋል። ምሕረቱ ምንም አያስከፍለውም። በቀስት ከሩቅ ለመታ ግን ይህ ምርጫ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሦስተኛው እትም ማሻሻያ ጠንከር ይላል። የማይገድል ጉዳት ለብቻው ይመዘገባል፤ ድምሩ ከቀረው የሕይወት ነጥብ ሲበልጥ ተመቺው ራሱን ይስታል። በሰይፍ ሳይገድል መምታት የፈለገ ደግሞ ከዳይሱ ውጤት 4 ይቀነስበታል። ዳይሱ ባለ 20 ገጽ ስለሆነ፣ ይህ ከአምስት ሙከራ አንዱን እንደ ማጣት ነው።

ልጆቻችሁ ትንንሾች ከሆኑ በቀላሉ ሕግ ጀምሩ። ከፍ ላሉት ግን ዋጋ ያለው ምሕረት ይሻላል፤ ክርክር ያመጣልና። ድልድዩ ላይ መንገድ የዘጋባቸው ሽፍታ ሊወድቅ ነው እንበል። አንዷ «ይሙት፣ ነገ ተመልሶ ይመጣብናል» ትላለች። ወንድሟ «አለቃው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው» ይላል። ቢማሩትስ ማን ያስረዋል? ማን ይጠብቀዋል? በአምስተኛው እትም ሕግ እንዲህ የወደቀ ሰው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይነቃል። ስለዚህ ውሳኔያቸው በአንድ ምት አያበቃም።

ጨዋታውን የምትመሩት እናንተ ከሆናችሁ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ሕጉን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯቸው። ጠላት በወደቀ ቁጥር «ምን ታደርጋለህ? ምን ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ መልሱን አትንገሯቸው። የተማረውን ሰው ደግሞ በታሪኩ ውስጥ አኑሩት። የማሩት ሁሉ ከኋላ የሚወጋቸው ከሆነ፣ ምሕረት ሞኝነት ነው ብለው ይነሣሉ። ሁሉም ወዳጅ ከሆነላቸውም ታሪኩን አያምኑትም። አንዱ ይሽሽ፣ አንዱ ያመስግን፣ አንዱ ያኩርፍ።

አንድ ነገር ግን ሳትነግሯቸው አትለፉ። በጨዋታው ራሱን የሳተ ሰው ተኝቶ ይነሣል። በእውነተኛው ዓለም ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። «ሳይገድሉ መምታት» የጨዋታ ሕግ እንጂ በትምህርት ቤት ግቢ የሚሞከር አይደለም።

የወደቀን መምታት ነውር እንደሆነ ለልጆቻችን ስንነግር ኖረናል። በዚህ ጠረጴዛ ግን የወደቀው በእጃቸው ነው፤ ምርጫውም የእነሱ። በዚህ ወር አንድ የእሑድ ከሰዓት ስጧቸው፤ ሽፍታው ሲወድቅም እናንተ ዝም በሉና ክርክራቸውን አዳምጡ።